ጣት የሚያበቅል መደብ

በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ወር ጣልያኖች ቡታጅራ ላይ ሦስት መቃብር አስቆፈሩ። መቃብር ያለው ሰፈሩ ነው። ጉድጓዶቹ ከወታደሮቹ ወጥ ቤት ጀርባ፣ ከዘርፈሽዋል ጓሮ አጥር ሥር ጎን ለጎን የተጋደሙ ነበሩ፤ ጥልቀታቸው ከጉልበት ያልፋል፣ ርዝመታቸው ሦስት ሰው ራስ ለእግር ቢያስተኙበት አይሞላም። በዚያ ዓመት ጣልያን ጉድጓድ ሲያስቆፍር ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰው በየቤቱ ሆኖ የታሰሩትን በስም ያስብ፣ ጉድጓዱ ስንት እንደሚይዝ በልቡ ይለካ ነበር።

ዘርፈሽዋል ሦስት ቀን ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። በአራተኛው ቀን የወታደሮቹ ወጥ ሠሪ መጣ፤ ቱሊዮ የሚሉት አንገተ ረጅም ጣልያን ነው። ያመጣው ግን ሬሳ ሳይሆን ፍግ ነበር። ፍጉን በጉድጓዶቹ ወለል ላይ በእጁ አነጠፈ፣ አፈር መለሰበት፣ በመሐሉም ጠባብ ጉብታ ሠራ። ከዚያ በመርከብ የመጣ ሣጥን ከፍቶ ከእርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ ሥሮች ማውጣት ጀመረ። እያንዳንዱ ሥር የትልቅ ሸረሪት እግር ይመስላል። ቱሊዮ በጉብታው ላይ እንደ ኮርቻ እያስቀመጠ፣ እግሮቹን ግራና ቀኝ እየለየ፣ ቀስ አድርጎ አፈር አለበሳቸው።

ዘርፈሽዋልን ያን ጊዜ ፍርሃቷ ለቀቃትና ሌላ ነገር ያዛት። ሥርን እንዲህ አድርጎ አፈር የሚያለብስ ሰው አይታ የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር። ባሏ ደበሌ።

እሷ የቡኢ ልጅ ናት፤ ደበሌ ነው አግብቶ ቡታጅራ ያመጣት። በ1928 ወደ ሰሜን ከዘመቱት ጋር ሄደ፤ ሞተ ብሎ የነገራት፣ አለ ብሎ የነገራት ሰው የለም። ከመሄዱ በፊት ባለው ሳምንት በጓሮው ያሉትን እንሰቶች ለመጨረሻ ጊዜ ነቅሎ፣ አራርቆ፣ መልሶ ተከላቸው። ሃያ አራት ነበሩ። እንሰት እንደዚያ ነው፤ ከቦታ ቦታ ሦስት ጊዜ ይዛወራል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ይጠበቃል፣ ሳይደርስ የተነቀለ እንደሆነ ፍቀው የሚያገኙት ውሃ ነው። ደበሌ እጁን በእንሰት ቅጠል እየጠረገ፣ «አምስት ዓመት ቀርቷቸዋል» አላት። «እኔን አትጠብቂ። እነሱን ጠብቂ።»

ስለዚህ ዘርፈሽዋል ጠበቀች። ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር በሰው ቤት ጥጥ እየፈተለች፣ ጎመን እየሸጠች፣ በማለዳ ከልጆቿ በፊት ሃያ አራቱን እየቆጠረች ኖረች።

በ1930 የሰፈሩ ሴቶች ለጦር ሰፈሩ ውሃ እንዲቀዱ ታዘዙ። ዘርፈሽዋል ከታዘዙት አንዷ ነበረች፤ ቱሊዮ ቆይቶ ድንች ስትልጥ አያትና ከውሃው አውጥቶ ወጥ ቤት አስገባት። በዚያ ዓመት መጋቢት በሦስቱ መደቦች ላይ ክር የመሰለ ቀጭን ነገር በቀለና ወዲያው ተበታትኖ እንደ ፀጉር ሆነ። እሷ ብዙም አልተገረመችበትም። ሕፃንም ይዞት የሚወለደው ፀጉር ይረግፍና ሌላ ያበቅላል፤ ይህም እንደዚያ ነው ብላ አለፈችው።

የገረማት በተከታዩ ዓመት ነው። የበልጉ ዝናብ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት ጠዋት ለሾርባ ሽንኩርት ልትነቅል ወጣች። ትናንት ጥርግ ያለ ባዶ አፈር የነበረው መደብ ላይ ጣቶች ቆመዋል። ቅጠል የላቸውም፣ ቅርንጫፍ የላቸውም። ጫፋቸው ወይን ጠጅ የነካው፣ እንደተዘጋ ጡጫ በቅርፊት በቅርፊት የተደራረበ፣ ግንዳቸው ለስላሳ አረንጓዴ። አፈሩን ሰንጥቀው ሳይሆን በአክብሮት ገለል አድርገው የወጡ ይመስላሉ። ሽንኩርቱን ረስታ ቁጢጥ አለች። ፀሐይ እስክትሞቅ ስትቆይ አንደኛው ሲረዝም በዓይኗ ያየች መሰላት፤ የአጥሩን ቋሚ ምልክት አድርጋ ለካችው። እኩለ ቀን ላይ ተመልሳ ብታይ እውነትም ምልክቱን አልፏል። አማተበች።

በአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ ከድጄ የመስቃን ሴት ናት፤ እንጨትና ቅጠላ ቅጠል ለቅማ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማያርፍ። ጠርታ አሳየቻት። ከድጄ ብዙ አየችና፣ «ቢስሚላሂ፣ ዘርፌ» አለች፤ «መቃብር ነው ስንልሽ አላመንሽም። ይኸው ሟቾቹ እጃቸውን አወጡ።»

ቱሊዮ ግን ደስ አላለውም። ካፒታኖው፣ የሰፈሩ አዛዥ፣ በመጋቢት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ታላቅ እንግዳ እንደሚመጣና በገበታው ላይ ይህ አስፓራጂ የሚሉት ነገር እንዲቀርብ አዝዞ ነበር። የበቀለውን ሲያይ ደግሞ ጥቂት ነው አለ። ወታደር ጠርቶ ችካልና ሲባጎ አስመጣ። ሲባጎው ከሦስቱ መደቦች ጫፍ ተነሥቶ፣ አጥሩን አልፎ፣ በዘርፈሽዋል ጓሮ በእንሰቶቹ መካከል ተዘረጋ። ሁለት አዲስ መደብ ሊቆፈር ነው። በሲባጎው ውስጥ የገቡትን ቆጠረች። ሃያ አራቱም ገብተዋል።

አስተርጓሚው ሽባባው ይባላል፤ ከሰሜን በሹም ጸሐፊነት መጥቶ ጣልያን ሲገባ ቋንቋውን በማወቁ የቀረ ሰው ነው። እሱ እንደነገራት ካፒታኖው እንሰቱን ለጥላ እንኳ የማይረባ ትልቅ ሣር ነው ብሎታል። ለምና አስጠየቀች። ሽባባው ገብቶ ቆይቶ ወጣ።

«ስሚኝ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። ለእንግዳው ገበታ ሁለት ትልቅ ሳህን ሞልቶ እንዲቀርብ ይፈልጋል። ሦስቱ መደብ ይህን ካወጣ ሌላ መቆፈር ለምኔ ነው ይላል። ካላወጣ፣ እንግዳው በሄደ ማግስት ይቆፈራል።»

ቱሊዮ ይህን ሰምቶ ራሱን በቅሬታ ነቀነቀ። በማግስቱ ስድስት ወፍራሞች ቆርጦ አሠራሩን አሳያት። በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ይዞ ማጠፍ ነው፤ ግንዱ ራሱ ጥንካሬው የሚያልቅበትን ቦታ ያውቃል፣ ቀጭ ብሎ እዚያው ይሰበራል። ጠንካራው እግር ለሾርባ ይሄዳል። ለጋው በነዶ ታስሮ፣ ጨው በበዛበት የፈላ ውሃ ውስጥ ራሱ ከውሃው በላይ ሆኖ ይቆማል፤ እግሩ ሲቀቀል ራሱ በእንፋሎቱ ይበስላል። ቱሊዮ ማሰሪያ ሲፈልግ እሷ ከቤቷ ነጭ ቃጫ አምጥታ አሰረችው። ከውሃ ሲወጣ ከገባበት ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ይህም ገረማት፣ የምታውቀው ጎመን ሁሉ ሲበስል ይጠቁራልና። ዘይት፣ ኮምጣጤ፣ የተፈረፈረ የተቀቀለ እንቁላል ከላዩ። ቱሊዮ ቅመሺ አላት። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ጾም ባይሆንም የወጥ ቤቱ ድስት ሁሉ የአሳማ ስብ የነካው ነው። በአፍንጫዋ ብቻ ተከተለችው። ቆጮ ከጉድጓድ ሲወጣ መብሰሉን በማሽተት የምታውቅ ሴት ናትና የዚህንም ሽታ የት ላይ ጥሬ፣ የት ላይ የበሰለ እንደሆነ ያዘች።

በሦስተኛው ቀን ቱሊዮን ወባ ጣለው። በካሚዮን ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወስዱት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ አንድ ስንዝር የሞላውን በየቀኑ እንድትቆርጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በቀዝቃዛ ቦታ እንድታቆም በሽባባው በኩል አዘዛት። እንግዳው ሊመጣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ዘርፈሽዋል ቢላዋውን ይዛ በመደቡ አጠገብ ቆመች። አንድ ቆረጠች፤ ከጉቶው ላይ ውሃ እንደ ዕንባ ተንቆረዘዘ። የቆረጠችውን በመዳፏ መዘነችው። ምንም አይመዝንም። ይህን የመሰለ መቶ ቢሰበሰብ ሁለት ሳህን እንዴት ይሞላል? ከዚያ እንሰቶቹን ቀና ብላ አየች። እነሱም አንድ ጊዜ ጣት ነበሩ። ደበሌ ጣት በነበሩ ጊዜ ቆርጦ ቢሆን ምን ይገኝ ነበር? በአንድ ቀን ስንዝር የሚያድግ ነገር በአሥራ ሁለት ቀን ክንድ ያህላል፣ ጭን ያህላል። ያኔ ሁለት ሳህን አይደለም፣ ሁለት ቅርጫት ይሞላል። ጣልያን መጠበቅ አያውቅም፤ ችግሩ እሱ ነው።

ቢላዋውን በወገቧ ሻጠችና ውሃ አጠጥታ ተወችው።

በአምስተኛው ቀን ጣቶቹ ደረቷ ደረሱ። አልወፈሩም። በሰባተኛው ቀን የተዘጋው ጡጫ ተከፈተና ቅርንጫፍ አወጣ። በዘጠነኛው ቀን ሦስቱ መደብ ሰው የሚደብቅ ላባ ሆነ፤ በነፋስ ሲወዛወዝ አረንጓዴ ጭስ ይመስላል። ያምራል። አንዱን ግንድ ብታጥፈው እንደ እንጨት ገተረ። ቀቀለችው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም እንጨት ነው።

እዚያው በመደቡ ዳር ተቀመጠች። ሃያ አራቱ እንሰት ከላይዋ ቆመው ነበር። ያዳንኳቸው መስሎኝ ገደልኳቸው፣ ብላ አሰበች። አላለቀሰችም። ልጆቿን ምን እንደምትላቸው ነበር የምትፈልገው።

ከድጄ ያገኘቻት በዚህ ሁኔታ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ፣ ነገሩን ሰምታ፣ ከላባው አንድ ዘለላ ቀነጠበች። በጣቶቿ መሐል አሸችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ አሸተተችው።

«ይህን ከየት አገር ነው አመጣን ያሉሽ?»

«ከባሕር ማዶ። በመርከብ።»

«ውሸታሞች» አለች ከድጄ። «ይህማ የሴት ቀስት ነው። ወንዙ ዳር ጥሻውን ሁሉ ይዞት የለ? ስንቴ እጄን ቧጭሮኛል።»

ዘርፈሽዋል ቀና ብላ አየቻት። የሴት ቀስት የሚሉትን ሐረግ እሷም ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ እሾኻም፣ በዛፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ቅጠሉ እንደ ፀጉር የሚሳሳ፣ ሰው ሥሩን ለመድኃኒት ካልቆፈረው በቀር የማያየው ነገር። ይህን አረንጓዴ ላባ እስከዚያች ቀን ድረስ በሁለት ዓይኗ አይታ ከዚያ ጋር አላገናኘችውም። በመርከብ መጣ የተባለ ነገር በወንዙ ዳር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ወረዱ። ዝናቡ ጥሻውን አርሶታል። ከድጄ እሾኹን በዱላ ከፈተች፤ ከሐረጉ ሥር፣ ከደረቀው ቅጠል መሐል፣ ጣቶች ቆመዋል። በቱሊዮ መደብ ካሉት የቀጠኑ፣ የጠቆሩ፣ ግን ያው ጡጫ፣ ያው ወይን ጠጅ ጫፍ። ዘርፈሽዋል አንዱን በሁለት እጇ ይዛ አጠፈችው። ቀጭ አለና ለጋው በሚጀምርበት ተሰበረ። ለረጅም ጊዜ በእጇ ይዛው ቆመች። ማንም ሳያጠጣው፣ ማንም ሳይቆጥረው፣ ጣልያን በመርከብ ሳያመጣው ስንት ሺህ መጋቢት እንዲህ ብሎ ወጥቶ እንደነበር አሰበችና አማተበች።

«ኧረ ልቀሚ፣ ጸሎቱን በኋላ» አለቻት ከድጄ።

ሁለት ቀን ለቀሙ። ክንዳቸው በእሾህ ተቧጭሮ ደም በደም ሆነ። የለቀሙትን በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ አቁማ በጥላ አሳደረችው፤ ጠዋት አዲስ እንደተለቀመ ነበር። መራራነቱ ግን ከሽታው ይታወቃል። ከድጄም በአሳማ ስብ ድስት የተሠራ አትቀምስ፣ እሷም አትቀምስ። የመጀመሪያውን ውሃ አፈላችና ደፋችው፤ ውሃው ቡናማ ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ውሃ ላይ አፍንጫዋን ከእንፋሎቱ አልለየችም። አቡነ ዘበሰማያትን አምስት ጊዜ ደገመች። በአምስተኛው ላይ መራራው ሽታ ለቀቀና እንደ ለጋ ባቄላ ያለ ሽታ መጣ። አወጣችው። ዘይቱን፣ ኮምጣጤውን፣ እንቁላሉን እንዳየችው አደረገች። ሁለት ሳህን ሞላ።

ገበታውን ያቀረበው ሽባባው ነው። እሷ በወጥ ቤቱ በር ቆማ እንሰቶቿንና ሲባጎውን ታይ ነበር። ሽባባው ባዶ ሳህን ይዞ ወጣ። እንግዳው መጀመሪያ በሹካ፣ ኋላ በእጁ እንደበላ፣ የቀረውን ዘይት በዳቦ እንደጠረገ፣ ሁለተኛውን ሳህን እንደሳበ ነገራት። ካፒታኖው ግን መደቡ ፀጉር መሆኑን ማየቱንና ይህ ከየት እንደመጣ መጠየቁን ጨመረ።

ከሰዓት በኋላ ካፒታኖው ራሱ ከሽባባው ጋር መጣ። ዘርፈሽዋል ሁለቱን ወንዙ ዳር ወሰደቻቸው። ሐረጉን አሳየችው። ካፒታኖው ባርኔጣውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ሰበረና ጥሬውን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ፊቱ በምሬቱ ተጨማደደ፣ ግን አልተፋውም። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ጥሻው ወንዙን ይዞ ዓይን እስከሚያይ ይሄዳል። ለሽባባው በዝግታ አንድ ነገር አለው።

«በአገሩ በየመንገዱ ዳር እንዲህ ያለ ይበቅላል ይላል» አለ ሽባባው። «እዚህ ማን እንደተከለው ይጠይቃል።»

«ማንም አልተከለውም በለው» አለች ዘርፈሽዋል።

ከዚያ በኋላ ስለ እንሰቱ የተነጋገረ የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ወታደር መጥቶ ችካሎቹን ነቀለ፣ ሲባጎውን በክርኑ ላይ ጠቅልሎ ሄደ። ጥሻው በነፃ የሚሰጠውን ለምን ይቆፍራሉ? በምትኩ እሷና ከድጄ በየመጋቢቱ እንዲለቅሙ ታዘዙ፤ አመሰግናለሁ ያላቸውም የለም። ዘርፈሽዋል ያን ዕለት ማታ ከልጆቿ ጋር ሆና ሃያ አራቱን እንደገና ቆጠረች።

ቱሊዮ ከወር በኋላ ፀጉሩ ረግፎ፣ ከስቶ ተመለሰ። ለሰው ሰላምታ ሳይሰጥ መደቡ ጋ ሄዶ በላባው መሐል ቆመ። ዘርፈሽዋል ስድብ እየጠበቀች ከኋላው መጣች።

«አንቺ አልቆረጥሽም?» አለ፣ በተማረው ትንሽ አማርኛ።

«አልቆረጥኩም።»

በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ገለጠና አንዱን ሥር አሳያት። ያ የሸረሪት እግር የሰው አውራ ጣት አህሏል። በእጁም በአፉም እንዳስረዳት፣ ፀጉሩ ፀሐይ ይበላል፣ ሥሩን ይመግባል፤ እስከ ሦስተኛ ዓመት ቢላዋ ሊነካው አይገባም ነበር። ዘንድሮ ቢቆረጥ ይሞት ነበር። ይህን እያወቀ ለምን ቁረጪ እንዳላት ጠየቀችው።

«ካፒታኖ አይጠብቅም» አለ። «ሦስት ዓመት አይጠብቅም።»

ዘርፈሽዋል በአጥሩ በላይ ወዳሉት እንሰቶች ጠቆመችና ጣቶቿን ዘረጋች፤ አምስት፣ ከዚያ ሦስት። ስምንት ዓመት። ቱሊዮ ጣቶቿን አየ፣ እንሰቶቹን አየ። በቀዳዳው ገብቶ አንዱን ግንድ በሁለት መዳፉ ያዘው፤ እጆቹ አልተገናኙለትም። «ስምንት» እያለ ለራሱ ደጋገመ። በዚያ ቆሞ የቆየውን ያህል በቤተ ክርስቲያን ቆሞ አይታው አታውቅም።

በ1932 ሦስቱ መደብ እውነተኛውን ምርት ሰጡ፤ ጥሻውም ሰጠ፤ ከሚበላው የሚተርፈው በዛ። ያን ዓመት ቱሊዮ ማቆየቱን አስተማራት። ለጋውን በጨው ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ አፍልቶ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ መዝፈቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስጥቶ ጠብታ እስኪያጣ ማድረቅ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ በጠርሙስ ማቆም፣ የፈላ ኮምጣጤ በጨው መሙላት፣ ሲበርድ ዘይት ከላይ ማንሳፈፍ። ክዳን ሲያልቅ እሷ በሰም ደፈነች፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍና በቃጫ ጠመረች። ጠርሙሶቹ ወደ ወልቂጤና ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ በስድስት ወሩም ሲከፈቱ እንደቆሙ ነበሩ። እሷ ግን እስካሁን አልቀመሰችም።

በ1933 ሚያዝያ የጦር ሰፈሩ በአንድ ቀን ተበተነ። ቱሊዮ ከሌሎቹ ጋር በካሚዮን ላይ ሲወጣ ዘርፈሽዋል በመንገዱ ዳር ቆማ ነበር። ደበሌ ከሄደ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ለቱሊዮ የምትለው አልነበራትም። እሱ ግን ካሚዮኑ ሲነሣ ጎንበስ ብሎ፣ የዮሐንስ ልደት ካለፈ በኋላ እንዳትቆርጥ፣ ለፀጉሩ እንድትተወው ነገራት። ሰኔ ሠላሳ ማለቱ ነው። ራሷን ነቀነቀችለት።

በተከታዩ ኅዳር ሃያ አራቱ እንሰት ደረሱ። የሰፈሩ ሴቶች የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ሲወድቅ ምድር ተንቀጠቀጠ። ሥሩን ሲገምሱት ነጭ፣ የተሞላ፣ የበረታ ነበር፤ ቡላው ከጣቶቻቸው መሐል እንደ ወተት ወረደ። ዘርፈሽዋል ያን ነጭ ስታይ ነው ደበሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ያለቀሰችው። ቆጮው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀበረ፣ ድንጋይ ተጫነበት።

መጋቢት ሲመጣ ዝናቡ ዘነበ። በፈረሰው ሰፈር ውስጥ ሦስቱ መደብ ማንም ሳያዛቸው ጣት አበቀሉ። ዘርፈሽዋል በራሷ ሸክላ ምንቸት፣ ጨው ባለው ውሃ፣ በቃጫ አስራ ቀቀለች። የኑግ ዘይት አፈሰሰችበት። ጉድጓዱን ከፍታ ቆጮ ጋገረች። ከድጄን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት።

አንዱን ጣት በትኩስ ቆጮ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች። ሦስት ዓመት በአፍንጫዋ ብቻ የምታውቀው ነገር ነበር። ዓይኗን ጨፍና አኘከች፤ ለጋውና ኮምጣጣው፣ በሌሊት የሚያድገውና ስምንት ዓመት የሚጠብቀው፣ በአንድ ጉርሻ ወረዱ።

ከድጄ ጠበቀች፣ ጠበቀች። «ታዲያ ምን ይላል?»

ዘርፈሽዋል ሁለተኛውን ጠቀለለችና ለከድጄ አጎረሰቻት።